አዳራሻችን መጋዘን ይሁን ወይስ መድረክ?

(ይህ ጽሑፍ ባለፈው እሑድ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበራችን ጸሐፊ የቀረበ ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች አንብበው ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ ይዘው እንዲመጡ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ከሁሉ አስቀድመን የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ ልብስ አጠባውንም ገበያውንም አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ በኮሚቴው ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ዛሬ የያዝነው አጀንዳ አንድ ብቻ ነው። እርሱም ኮሚናል የምንለው የጋራ መጠቀሚያ ቤታችን ትልቁ አዳራሽ ለምን ይዋል የሚለው ጉዳይ ነው።

እንደምታውቁት ሁለት ጥያቄ ቀርቦልናል። አንደኛው፣ አንድ ነጋዴ አዳራሹን ለሲሚንቶና ለብረት ማስቀመጫ በወር ኪራይ ልያዘው ብለዋል። ሁለተኛው፣ የሰፈራችን ወጣቶች በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ቅዳሜ የሚቆይ የኪነት በዓል እናዘጋጅ፣ ከዚያም በኋላ ለልምምድ ይተውልን ብለው በጽሑፍ ጠይቀዋል። የነጋዴው ገንዘብ የሚናቅ አይደለም። የውሃ መሳቢያው ሞተር መጠገን አለበት፣ የጥበቃዎቹም ደመወዝ በየወሩ ይጠብቀናል። ስለሆነም ኪራዩን የሚደግፉ ነዋሪዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ይህን አስቀድመን እንመን።

ነገር ግን ባለፈው ስብሰባ አንድ አባባል ተሰምቶ ነበር። «ቴአትርና ዘፈን የጠገበ ሰው ነገር ነው፤ እኛ መጀመሪያ ውሃ እናግኝ» ተባለ። ኮሚቴው ይህን አባባል ዝም ብሎ ማለፍ አልፈለገም። ስለዚህ የከተማችን ቴአትር ቤቶች እንዴት እንደተነሡ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችንንና የሰፈራችንን መምህራን ጠየቅን፣ የተጻፈም አገላበጥን። ያገኘነውን ባጭሩ እናቀርባለን። ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ብዙዎቻችን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለልማት ሲፈርስ ተነሥተን የመጣን ነን። እዚያ ሳለን ሀገር ፍቅር ቴአትር በእግር የምንደርስበት ጎረቤታችን ነበር። ገብተን ባናይ እንኳ የበሩን ማስታወቂያ እያነበብን፣ ተዋንያኑን በመንገድ ሰላም እያልን ነው ያደግነው። ዛሬ ከዚህ ሰፈር እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል። እዚህ የተወለዱትና በሕፃንነታቸው የመጡት ልጆቻችን መድረክ ማለት በስልክ ውስጥ ያለ ነገር ይመስላቸዋል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለነዚህ ልጆች ጭምር መሆኑን ልብ እንበል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የታየው በ1910ዎቹ ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ደራሲው በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። የቴአትሩ ስም የአውሬዎች ኮሜዲያ ሲሆን፣ እንስሳትን እያናገረ የጊዜውን የአስተዳደር ብልሹነት የሚነቅፍ ነበር። ታዲያ የት ታየ? ቴአትር ቤት የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረማ! የታየው ቴራስ በሚባል ሆቴል ውስጥ ነው። ተመልካቾቹ መኳንንቱ ነበሩ፤ ነገሩ ስለነካቸው ቴአትር ማሳየት ተከለከለ፤ ለተወሰኑ ዓመታትም ዝም ጭጭ ሆነ። የሆቴል አዳራሽ የሆቴሉ እንጂ የሕዝቡ ስላልሆነ ይህን ልማድ ይዞ የሚቆይ ቤት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ ቴአትር የተጠለለው በትምህርት ቤቶች ነው። ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ተማሪ እያሰለጠኑ ያሳዩ ነበር። ዮፍታሔ ከጎጃም የመጡ የቅኔ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነቱን ቅኔ ለመድረክ ያዋሉ፣ ተማሪ ሁሉ ግጥም በቃሉ እንዲይዝ ያደረጉ ናቸው። ያን ጊዜም ቢሆን መድረክ ተብሎ የተሠራ ቤት የለም። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ካልሆነም ግቢው ነው መድረኩ።

አሁን ወደ ሀገር ፍቅር እንመጣለን፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 1927 ማለት ምን ማለት ነው? የፋሽስት ጦር ድንበራችን ላይ ተከማችቶ ነበር። ጦሩ የገባው በመስከረም 1928 ነው፤ ማለት ሦስት ወር እንኳ አልቀረም። አገሪቱ ጥይትም መድኃኒትም ስንቅም ያስፈልጋት ነበር። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ አዝማሪ ጠሩ፣ ፉከራና ሽለላ፣ ንግግርና መዝሙር በአደባባይ እያሰሙ ሕዝቡን ለአገሩ አነሣሡ። ጠግበው አይደለም፣ ጊዜ ተርፏቸውም አይደለም። ሕዝብ ሐሳቡን አንድ ሳያደርግ መከራን እንደማይቋቋም ስላወቁ ነው። ስለዚህ «የጠገበ ሰው ነገር ነው» ለሚለው አባባል መልስ የሚሰጠው ይህ የሀገር ፍቅር አመሠራረት ነው እንላለን።

ጠላት በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ። በሚያዝያ 1933 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ እንደገና ተሰባሰበ። ዛሬ ሀገር ፍቅር የምንለው የፒያሳው ቤትም ቀድሞ የመዝናኛ ክበብ የነበረ ቤት ነው። ቴአትር ቤት ተብሎ አልተሠራም፤ የተገኘውን ቤት አስተካክለው፣ መድረክ ሠርተው፣ ወንበር ደርድረው ቴአትር ቤት አደረጉት። እነ ኢዮኤል ዮሐንስ ድርሰት በድርሰት ላይ እየጻፉ፣ የማሲንቆው፣ የክራሩና የዋሽንቱ ተጫዋቾች አንድ ላይ እየተቀመጡ፣ እነ ጠለላ ከበደ እየዘፈኑ ቤቱን ስም አወጡለት። ድሮ የሴት ቦታ የሚጫወት ወንድ ነበር፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ደፍረው ከወጡት መጀመሪያዎቹ መካከል አስናቀች ወርቁ ናቸው። በክራራቸውም በተዋናይነታቸውም አገር ያወቃቸው ናቸው። ልብ በሉ፣ መድረክ ባይኖር ይህ ድፍረት የት ይታይ ነበር?

ብሔራዊ ቴአትርም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ቤቱን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር፤ ሳያልቅ ቀረ። ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲደርስ ተስፋፍቶ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። የመክፈቻው ቴአትር የመኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ነው። ያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። ከፊት ለፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም ለዚያው በዓል የተሠራ ሲሆን፣ ቀራፂው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በዚያ መድረክ ላይ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ታይተዋል፤ የእንግሊዙን የሼክስፒርን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያመጡልንም እርሳቸው ናቸው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያው ቤት ሙዚቃ አስተምረዋል፣ መርተዋል። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርኩ አገሩን ሁሉ ያስለቀሱት ወጋየሁ ንጋቱም የዚሁ መድረክ ሰው ነበሩ።

ሌሎቹን ባጭሩ እንጥቀስ። በመርካቶ በኩል ያለው ራስ ቴአትር አስቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትርና የባህል አዳራሽ ደግሞ በ1950ዎቹ አርቱሮ መዜዲሚ የሚባሉት ጣሊያናዊ መሐንዲስ ከነደፉት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን የነደፉትም እኒሁ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ስንቆጥረው፦ ሆቴል፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ ክበብ፣ በጅምር የቀረ ሲኒማ፣ ሲኒማ ቤት። ከእነዚህ ውስጥ ከመጀመሪያው ለቴአትር ተብሎ የተሠራ የለም ማለት ይቻላል። ቴአትር ቤት ያደረጋቸው የገባባቸው ሰው ነው። የእኛም አዳራሽ ለጠላ መጥመቂያና ለድግስ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ መድረክ ይሆናል?» የሚሉ ካሉ ከላይ የተናገርነውን ያስታውሱ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነም አይደለም። አንድ መምህር ጎረቤታችን የነገሩንን እናካፍላችሁ። በስኮትላንድ አገር ኤዲንብራ የምትባል ከተማ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰዉ ገና በራሽን እየኖረ ሳለ፣ ትልቅ የቴአትርና የሙዚቃ በዓል አደረገች። ለበዓሉ ያልተጠሩ 8 የቴአትር ቡድኖች «ባትጠሩንም መጥተናል» ብለው መጡ። ትልልቆቹ አዳራሾች ስለተያዙባቸው ባገኙት ትንንሽ አዳራሽ ተጫወቱ። ከዚያ በየዓመቱ ያልተጠራው እየበዛ ሄደ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ትልቁ የኪነ ጥበብ በዓል የሚባለው እርሱ ሆኗል። ያችም ከተማ በየዓመቱ በነሐሴ የቤተ ክርስቲያን አዳራሹን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍል፣ የመጠጥ ቤቱን ጓዳ ሁሉ መድረክ ታደርጋለች። እኛ ኤዲንብራ እንሁን አላልንም። ትንሽ አዳራሽ አይናቅም ነው የምንለው።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። በዕድሜ ከፍ ያልን ሁሉ የቀበሌ ኪነትን እናስታውሳለን፤ ከእኛ የሚበልጡት ደግሞ በደንብ ያውቁታል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ሁሉም ነገሩ ጥሩ ነበር አንልም። የሚዘፈነው የታዘዘ ነበር፤ ስብሰባ ግዴታ፣ ጭብጨባም ግዴታ ነበር። ያንን ማንም አይናፍቅም። ግን አንድ ነገር ነበር፤ በየሰፈሩ አዳራሽና መድረክ፣ በየሰፈሩ ክራርና ከበሮ ነበር። ኋላ በሙያው እንጀራ የበሉ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ ድምፃቸውን ያወጡት በቀበሌ አዳራሽ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቡድኖቹ ተበተኑ። አንዳንዶቻችን በነበርንበት ሰፈር አዳራሹ ለመጋዘን ተሰጠ። መጀመሪያ «ለስድስት ወር ብቻ ነው» ተብሎ ነበር። ከዚያ መድረኩ ፈረሰ፣ ወንበሩ የትም ቀረ፣ መጋረጃው የእህል መሸፈኛ ሆነ። ኪራዩም ለሰፈሩ ምን እንደሠራ ዛሬ የሚያሳይ ሰው የለም። አዳራሽ መጋዘን ከሆነ በኋላ ተመልሶ አዳራሽ ሲሆን አላየንም፤ የፈራነውም ይህንኑ ነው።

ስለ ልጆቻችን አንድ ምሳሌ ጨምረን ወደ ውሳኔው እንገባለን። ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም። በልጅነቱ ወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ቡድን ለዝግጅት ወደዚያው ሄዶ ነበር። ልጁ አያቸው፣ ኢዮኤል ዮሐንስንም አነጋገረ፤ ልቡ ሸፈተ። ከቤት ጠፍቶ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ በእግሩ እስከ ቱሉ ቦሎ ደረሰ። ኋላም አልቀረም፣ ሀገር ፍቅር ገባ። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር እንዴት እንደሸኘው ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዚህ ሁሉ መነሻው በአንድ ትንሽ ከተማ የታየ የአንድ ቀን ዝግጅት ነው። ከኛ ልጆች ሁሉ ጥላሁን ይወጣል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ከመካከላቸው ምን እንዳለ የምናውቀው በየት በኩል ነው? በሲሚንቶ ከረጢት መካከል አይታይ።

አሁን የገንዘቡን ጉዳይ በግልጽ እንነጋገር። ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተለውን ሐሳብ አቅርቧል።

1ኛ. አዳራሹ ለመጋዘን አይከራይ። በምትኩ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለኒካህ፣ ለምርቃትና ለስብሰባ በቀን ኪራይ ይሰጥ። የሰፈሩ ሰው በቅናሽ፣ የውጭ ሰው በሙሉ ዋጋ ይክፈል። ለለቅሶ ግን በነፃ ይሁን፤ በሐዘን ላይ ያለን ጎረቤት ገንዘብ አንጠይቅም። ከዚህ የሚገኘው ገቢ የነጋዴውን ያህል ባይሆንም ዜሮ አይደለም፤ ቤቱም የእኛው እንደሆነ ይቆያል።

2ኛ. ለውሃ መሳቢያው ሞተር ጥገና በየቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል መዋጮ ይውጣ። መጠኑን የሚወስነው ጉባኤው ነው። ጡረተኞችና አቅም ያነሳቸው ቤተሰቦች ለኮሚቴው በምስጢር አሳውቀው ነፃ ይሆናሉ፤ ስማቸው በሰሌዳ አይለጠፍም።

3ኛ. የኪነት በዓሉ በተከታታይ ሦስት ቅዳሜዎች ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይደረግ። ሰዓቱ የተመረጠው ሕፃናትና አዛውንት ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ የጾምም የሮመዳንም ወቅት ታይቶ፣ የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች ተጠይቀው ይሁን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለሕፃናት፣ ሁለተኛው ለወጣቶች ቴአትርና ሙዚቃ፣ ሦስተኛው ለትልልቆቹ ይሁን። በሦስተኛው ቀን ግጥም፣ ቀረርቶ፣ እንቆቅልሽና ተረት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ይጋበዛሉ። መግቢያው ነፃ ነው፤ በበሩ ላይ ግን ሳጥን ይቀመጣል፣ የቻለ ይጨምራል።

4ኛ. ወጣቶቹ በበኩላቸው ግዴታ ይግቡ። ልምምድ ከምሽቱ 1 ሰዓት አያልፍም፤ የድምፅ ማጉያ በልምምድ ጊዜ አይከፈትም። አዳራሹን ጠርገው ያስረክባሉ፤ የተሰበረ ነገር ካለ ይተካሉ። ማን ምን እንዲያሳይ ኮሚቴው አያዝም፤ ስድብና ጎረቤትን የሚያዋርድ ነገር ግን በመድረካችን አይነገርም።

5ኛ. በዓሉ ካለፈ በኋላ ሕፃናቱንና አዛውንቱን ይዘን አንድ ቀን ወደ ሀገር ፍቅር ወይም ወደ ብሔራዊ ቴአትር እንሂድ። ቤቱ በዚያ ቀን ዝግጅት እንዳለው አስቀድመን አጣርተን አውቶቡስ እንከራያለን፤ የመኪናውን እንከፋፈላለን። ልጆቻችን እነዚያን ቤቶች በዐይናቸው ይዩ። ከፒያሳ የመጣነውም ጎረቤታችንን እንጠይቅ።

6ኛ. ይህ ሁሉ ለአንድ ዓመት ይሞከር። በዓመቱ መጨረሻ ገቢና ወጪው እያንዳንዱ ብር ተቆጥሮ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል። ሐሳቡ ካልሠራ ጉባኤው እንደገና ይወስናል። መድረክ የነበረን መጋዘን ማድረግ በአንድ ቀን ይቻላል፤ መልሶ ማውጣቱ ነው የሚያስቸግረው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ከተለያየ ሰፈር መጥተን አንድ ሕንፃ ላይ ተደራርበን እንኖራለን። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። ግን ብዙዎቻችን ደረጃ ላይ ስንገናኝ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን ከማለፍ በቀር አንተዋወቅም። የምንገናኘው ውሃ ሲጠፋና ሰው ሲሞት ብቻ ነው። አንድ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁላችንም አብረን ብንስቅለት፣ ያን ቀን የልጁን እናት በስም እናውቃታለን። ሞተሩ ሲበላሽም አብሮ ለማዋጣት ያን ያህል አንከራከርም ብለን እናምናለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ?

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ድምፅ ይሰጣል፤ የባልና የሚስት ሐሳብ ከተለያየ እቤት ተስማምታችሁ ኑ። ኪራዩን የሚደግፉም በነፃነት ይናገራሉ፤ ኮሚቴው ማንንም አይቀየምም። የተቃውሞም ሆነ የድጋፍ ሐሳብ በጽሑፍ ማቅረብ የሚፈልግ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሳጥን ይክተት። በበዓሉ ላይ ችሎታቸውን ማሳየት የሚፈልጉ፣ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ወይም ወንበር የሚያውሱ፣ የአናጢነትና የኤሌክትሪክ ሙያ ያላቸው ነዋሪዎች በዚሁ ጽሕፈት ቤት ይመዝገቡ።

 

የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው